ሻፍቱን በቶርኖ ወይስ በሲኤንሲ?

ወንድሜ፣ ቁጥሩ 6205 ለሆነ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የሚሆን ሻፍት፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክብ ዘንግ፣ በእጅ ቶርኖ ላሠራ ወይስ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ማሽን) ያለው ቤት ልውሰድ ብለሃል። ስንት ፍሬ ነው? አንድ ሁለት ከሆነ አትድከም፣ ጥሩ ቶርኖ ሠሪ ፈልግ። ለአንድ ፍሬ ብሎ ፕሮግራም የሚጽፍ፣ መቁረጫ የሚያስተካክል ሰው የዚያን ሁሉ ሰዓት ያስከፍልሃል። ሃምሳ ከሆነ ግን ሲኤንሲው ይሻላል፤ ሃምሳኛውም እንደ መጀመሪያው ይወጣል፣ መቁረጫው እየተበላ ሲሄድ ልኩን የሚያካክስ ሰው አጠገቡ ካለ ማለቴ ነው። መብራት ካልጠፋም!

ዋናው ልኩ ነው። የኩሽኔታው ቀዳዳ 25 ሚሊ ስለሆነ፣ ጠበቅ ብሎ እንዲገባ ሻፍቱ ከ25.002 እስከ 25.015 መሆን አለበት። ይሄ በካሊፐር አይለካም። ማይክሮሜትር የሌለው ቤት አትግባ።

ሙቀቱንም አትርሳ። እኔ አንዴ ገና ትኩስ እያለ ለክቼ 25.01 አገኘሁና ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ 24.998! ኩሽኔታው በጣት ግፊት ገባ። ብረት 40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 25 ሚሊው በ0.012 ገደማ ይቀንሳል፣ ሲኤንሲም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ቶርኖ ሠሪውን እጁን እየው። እጀታው ልኩን ካለፈበት ትንሽ ብቻ ነካ አድርጎ አይመልስም፤ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ወስዶ እንደገና ይመጣል፣ ምክንያቱም መቁረጫውን የሚገፋው ብሎን ውስጥ ክፍተት አለ። እንደዚያ ሲያደርግ ካየኸው ሥራውን ስጠው። ኩሽኔታውን ይዘህ ሂድ፣ ግን ሻፍቱ ሳይቀዘቅዝ እንዳታስሞክር።