ኤስዩቪ እና ሃይብሪድ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው

ይድረስ በቅርቡ ትዳር ለመሠረታችሁ፣ ልጅ ለወለዳችሁና የመጀመሪያ የቤተሰብ መኪናችሁን ለመግዛት ለምታስቡ ወጣቶች፤

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት መኪና በመጠገንና በመመርመር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመግዛታቸው በፊት ምክር ፈልገው ከመጡት ይልቅ ገዝተው ካበቁ በኋላ «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለው የመጡት እጅግ ይበዛሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወጣት ባልና ሚስት ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ «ሃይብሪድ ኤስዩቪ ለቤተሰባችን ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። መልሴን በጽሑፍ ለማኖር የፈለግሁት፣ ይህ ጥያቄ ሲሰሙት አንድ ቢመስልም በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለያዘ ነው። አንደኛው፣ ቤተሰባችሁ በእርግጥ ኤስዩቪ የሚባለው ከፍ ያለና ሰፊ መኪና ያስፈልገዋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የምትመላለሱበት መንገድ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ ለሚነዳው ለሃይብሪድ ይስማማል ወይ የሚል ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚወስን ሰው የአንዱን ድክመት በሌላው ጥቅም ይሸፍናል፤ «ነዳጅ ይቆጥባል» በሚል ምክንያት የማያስፈልገውን ትልቅ መኪና ይገዛል፤ ወይም ስፋቱን ወዶ፣ ለማያገኘው ቁጠባ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል።

ከኤስዩቪው ልጀምር። ከፍ ብሎ ተቀምጦ መንዳት ደስ ይላል፤ መንገዱንም አሻግሮ ለማየት ያመቻል። ነገር ግን ዛሬ በዚህ ስም ከሚሸጡት መኪኖች አብዛኞቹ የተሠሩት እንደ ተራ የቤት መኪና ነው እንጂ እንደ ቀድሞዎቹ የገጠር መኪኖች ራሱን በቻለ ጠንካራ ሻንሲ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ቁመታቸውን ብቻ አይታችሁ ማንኛውንም መንገድ ይችላሉ ብላችሁ አትገምቱ። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከጭቃና ከአሸዋ ለመውጣት ይረዳል፤ ፍሬን ስትይዙ ግን ቶሎ እንዲቆም የሚጨምርለት ነገር የለም። ከፍታው ለሕፃናት አደጋም አለው። ከኮፈኑ ፊት ወይም ከመኪናው ኋላ የቆመ ትንሽ ልጅ መሪ ለያዘው ሰው ጨርሶ ላይታይ ስለሚችል፣ የኋላ ካሜራ ቢኖርም እንኳ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ማየትን ልማድ አድርጉት።

ቅርጹ በነዳጅም ያስከፍላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በለካው መሠረት ቶዮታ ራቭ4 ሃይብሪድ የተባለው የ2020 ሞዴል ኤስዩቪ በአማካይ በ100 ኪሎ ሜትር 5.9 ሊትር ገደማ ሲፈጅ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ዝቅ ያለው የቤት መኪና ካምሪ ሃይብሪድ ግን በቆጣቢው ዓይነቱ 4.5 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። የሁለቱም የቤንዚን ሞተር 2.5 ሊትር ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ከፍታው፣ ክብደቱና የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እንግዲህ ዋናው ሐሳባችሁ ነዳጅ መቆጠብ ብቻ ከሆነ ዝቅ ያለውን ሃይብሪድ መጀመሪያ ማየት አለባችሁ ማለት ነው።

ስፋቱ ያስፈልገናል የምትሉ ከሆነ ግን በካታሎግ ላይ ባለው ቁጥር አትወስኑ፤ የልጃችሁን የመኪና ወንበር ይዛችሁ ሂዱ። ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር ከሚገመተው በላይ ቦታ ይወስዳል። በትክክል ከታሰረ በኋላ ከሁለታችሁ ቁመቱ የሚረዝመው ከፊቱ ባለው ወንበር ይቀመጥና ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካ እንደሆነ ይይ። ሁለት የልጅ ወንበሮች ጎን ለጎን ከገቡ በኋላ በመካከላቸው ሌላ ሰው መቀመጥ ብቻ ሳይሆን ቀበቶውን መቆለፍ መቻሉንም ሞክሩ፤ የቀበቶው መቆለፊያ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተቀብሮ እጅ የማያስገባበት መኪና ብዙ ነው። ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ረድፉን ቀጥ አድርጋችሁ የሕፃን ጋሪያችሁን ከኋላው ለማስገባት ሞክሩ። ብዙዎች ሰባት ሰው ይጭናል ተብለው የገዙት መኪና ሰባት ሰው ሲሳፈር ለአንድ ሻንጣ ቦታ እንደሌለው የሚያውቁት በመጀመሪያው ጉዞ ጠዋት ነው። ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ የሚጓዙ ከሆነም ራሳቸው ገብተው ወጥተው ይሞክሩት፤ ለታመመ ጉልበት እጅግ ከፍ ያለውም እጅግ ዝቅ ያለውም አይመችምና።

አሁን ወደ ሃይብሪዱ ልምጣ። ሃይብሪድ የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር ተጋግዘው የሚነዱት መኪና ነው። ቶዮታ ፕሪየስ የተባለውን ሃይብሪድ ለጃፓን ገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ሲሆን፣ ፎርድም ኤስኬፕ የተባለውን ኤስዩቪ በ2004 በሃይብሪድ አውጥቷል፤ ስለዚህ ገና ያልተፈተነ ነገር ነው የሚለው ስጋት ጊዜው ያለፈበት ነው። ቁጠባው ከየት እንደሚመጣ መረዳት ግን ለውሳኔያችሁ ወሳኝ ነው። በተራ መኪና ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የመኪናው የሩጫ ጉልበት በፍሬን ሸራው ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። በሃይብሪድ ላይ ግን ፍሬኑን በዝግታ ስትጫኑ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የዚያን ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። በትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፤ ስትነሡ የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጠው ኤሌክትሪኩ ነው። ይህ ሁሉ ጥቅም መቆምና መነሣት በበዛበት መንገድ የሚገኝ ነው። ረጅም መንገድ በአንድ ወጥ ፍጥነት ስትጓዙ ግን የሚመለስ ጉልበት ጥቂት ነው፤ ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ስለሚሆንም እዚያ ነዳጁ የሚያልቀው በአብዛኛው አየሩን በመግፋት ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ከላይ የጠቀስሁት ራቭ4 ሃይብሪድ በከተማ በ100 ኪሎ ሜትር 5.7 ሊትር ገደማ ሲፈጅ፣ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ወንድሙ 8.7 ሊትር ገደማ ይፈጃል። በአውራ ጎዳና ላይ ግን ሃይብሪዱ ወደ 6.2፣ ተራው ደግሞ ወደ 6.9 ሊትር ነው። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ ጉዞው ሁሉ በከተማ ከሆነ 450 ሊትር ያህል ይቆጥባል፤ ጉዞው ሁሉ በአውራ ጎዳና ከሆነ ግን ቁጠባው 105 ሊትር ያህል ብቻ ነው። መኪናው ያው ነው፤ ትርፉን ከአራት እጥፍ በላይ ያራራቀው መንገዱ ነው። ስለዚህ ወደ ሻጭ ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ወር ያህል የት የት እንደሄዳችሁ፣ ስንት ሰው እንደጫናችሁና ምን ያህሉ በመጨናነቅ እንዳለፈ መዝግቡ። ከዚያ በዓመት የምትቆጥቡትን ሊትር በምትኖሩበት አገር የነዳጅ ዋጋ አባዙትና ሃይብሪዱ ከተራው የሚበልጥበትን ገንዘብ በስንት ዓመት እንደሚመልስ አስሉ። መኪናውን ይዛችሁ ለመቆየት ካሰባችሁበት ዘመን በላይ የሚወስድ ከሆነ፣ ለጸጥታውና ለልስላሴው ብላችሁ ልትገዙት ትችላላችሁ እንጂ ለቁጠባ ብለን ገዛነው አትበሉ።

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሃይብሪድ ሁሉ አንድ አይደለም። ማይልድ ሃይብሪድ የሚባለው አነስተኛ ኤሌክትሪክ ሞተር የቤንዚኑን ሞተር ከማገዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ብቻ አይነዳም፤ ቁጠባውም መጠነኛ ነው። ሙሉ ሃይብሪድ ራሱን በራሱ እየሞላ አጫጭር ርቀት በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ እስካሁን ስናገር የነበረውም ስለዚህኛው ነው። ሦስተኛው በሶኬት የሚሞላው ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ መኪናችሁ በሚያድርበት ቦታ የራሳችሁ ሶኬት ከሌላችሁ ይህን ዓይነት አትግዙ። ሳይሞላ የሚነዳ ፕለግ ኢን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ በቤንዚን የሚሄድ መኪና ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የእነዚህ መኪኖች የካርቦን ልቀት በእውነተኛው መንገድ ላይ በአማካይ በቤተ ሙከራ ከተለካው 3.5 እጥፍ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ባለቤቶቹ በታሰበው መጠን አለመሙላታቸው ነው። በየማታው የምትሞሉትና የዕለት ጉዟችሁ አጭር ከሆነ ግን ከሦስቱም የበለጠ የሚጠቅማችሁ ይኸው ነው።

ስለ ባትሪው የሚነገረው ፍርሃት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የተጋነነ ነው። የሙሉ ሃይብሪድ ባትሪ እንዲቆይ ተብሎ ሆን ተብሎ እስከ ጫፍ አይሞላም፣ እስከ ታችም አይራገፍም። በአሜሪካ የተለመደው የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ወደ 10 ዓመት ወይም 240,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አድርጎታል። እንደ ቶዮታ ባሉት ሙሉ ሃይብሪዶች ላይ የተለመደው ሞተር ማስነሻ ሞተሪኖና ኤሌክትሪክ አመንጪው ዲናሞ የለም፤ የፍሬን ሸራውም ብዙ ስለማይበላ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ባትሪን በዋናነት የሚያስረጀው ሙቀት ነው። በብዙ ሞዴሎች የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጎን ባለች ትንሽ ወንፊት በኩል ሲሆን፣ ልጆች ያሉበት መኪና ደግሞ ያቺን ወንፊት በብርድ ልብስ፣ በቦርሳና በፍርፋሪ መድፈን ይቀናዋል። ባትሪው ሞተ ተብሎ ከመጣ መኪና ውስጥ ወንፊቷን ከፍቼ በአቧራና በፀጉር ተሸፍና እንደ ወፍራም ጨርቅ የሆነች ማጣሪያ አውጥቻለሁ። ያገለገለ ሃይብሪድ ስትገዙ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ እሷን እዩ፤ ቀጥሎም የእያንዳንዱ የባትሪ ክፍል ቮልቴጅ በመመርመሪያ መሣሪያ እንዲነበብ ጠይቁ። ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ የክፍሎቹ ቮልቴጅ እርስ በርሱ የሚራራቅ ከሆነ ባትሪው መድከም ጀምሯል።

ከዚህ ጋር የማይነጠል ጉዳይ ጋራዡ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ባላቸው ገመዶች ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ብዙ ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ ነው፤ ሰው ይገድላል። ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ ጓንትና ትክክለኛው የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ በምትደርሱበት ርቀት ከሌለ፣ ሒሳቡ ሁሉ ቢስማማ እንኳ እኔ ሃይብሪድ ግዙ አልላችሁም። የቤተሰብ መኪና ተበላሽቶ ሳምንታት የሚቆም ከሆነ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሌላ ወጪ ነው።

ከባድ ነገር ለመጎተት ወይም አስቸጋሪ መንገድ ለመጓዝ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ የሃይብሪዱን አቅም ለብቻው ጠይቁ። በአሜሪካ የተሸጠው ቶዮታ ሃይላንደር የተባለ የ2020 ሞዴል ኤስዩቪ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው እስከ 2,270 ኪሎ ግራም ገደማ ሲጎትት፣ ሃይብሪዱ 1,590 ገደማ ላይ ይቆማል። በአራቱም ጎማ ከሚነዱት ሃይብሪድ ኤስዩቪዎች በብዙዎቹ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ከፊት የሚመጣ ዘንግ ሳይሆን ለብቻው የተቀመጠ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ለሚያንሸራትት መንገድ በቂ ነው፣ ለሰዓታት ጭቃ ግን አልተሠራም። ትርፍ ጎማ መኖሩንም ወለሉን ገልጣችሁ አረጋግጡ፤ ቦታውን ለባትሪ ሰጥተው በጎማ መጠገኛ ዕቃ የተኩት አሉና።

ልጆች ላሉት ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር አለኝ። ሃይብሪድ ቆሞ ሲታይ የጠፋ ይመስላል፤ በዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» (ዝግጁ) የሚለው ምልክት እስካለ ድረስ ግን መኪናው ለመንቀሳቀስ ዝግጁ ነው፣ ባትሪው ዝቅ ሲልም የቤንዚን ሞተሩ በራሱ ይነሣል። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሳይጠፋ የተረሳ መኪና ቤቱን በካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ምልክቱ መጥፋቱን አይታችሁ ቁልፉን ከልጆች አርቁ።

ለሙከራ ስትነዱም ብቻችሁን አትሂዱ። ቤተሰቡን ሁሉ አሳፍራችሁ በየቀኑ የምትሄዱበትን መንገድ ንዱት፤ ዳገት ካለበትም ሞልታችሁ ውጡት፣ ሞተሩ ሲጮህ መታገስ የምትችሉት መሆኑን ያኔ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዋስትናው በምትኖሩበት አገር የሚሠራ መሆኑን፣ ከመጀመሪያው ባለቤት ወደ ሁለተኛው የሚተላለፍ መሆኑንና ከዓመቱና ከኪሎ ሜትሩ ቀድሞ በሚሞላው የሚያበቃ መሆኑን ከራሱ ከሰነዱ ላይ ሳታነቡ ውሉን አትፈርሙ።