የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሙዚቃ በኤአይ ለተማሪዎች ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ ለ7ኛ ክፍል ሙዚቃ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ከ50 በላይ ተማሪ አለ፤ ያለን አንድ ላፕቶፕና አንድ ስፒከር ነው፣ ኢንተርኔቱም ይመጣል ይሄዳል። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሙዚቃ ሲሠራ ላሳያቸው ብዬ፣ ትእዛዝ ሲጻፍለት ዘፈን የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈትኩላቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ በዚያው አለቀ። ምን ላድርግ?
መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መምህር፣ የጎደለው ልጆቹ የሚያነጻጽሩበት የራሳቸው ሥራ ነው። ዜማ ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ማሽኑ ያወጣውን ሲሰማ ከመደነቅ ሌላ የሚለው የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያለ ኤአይ ይሁን፤ መብራት ባይኖርም ይሠራል።

በቡድን 5 ወይም 6 ሆነው ባለ ካሬ ደብተር ያውጡ። ወደ ላይ 12፣ ወደ ጎን 24 ካሬ ያስምሯቸው። 12ቱ ረድፎች ከታች ወደ ላይ ከዶ እስከ ሲ ያሉት ድምፆች ናቸው፤ በግማሽ ድምፅ እየጨመሩ ይሄዳሉ። ለትዝታ ሜጀር ቅኝት 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 8ኛና 10ኛ ረድፍ ብቻ ይፈቀዳል። ለባቲ ሜጀር 1፣ 5፣ 6፣ 8 እና 12፤ ለአምባሰል 1፣ 2፣ 6፣ 8 እና 9፤ ለአንቺሆዬ ደግሞ 1፣ 2፣ 6፣ 7 እና 10 ነው። ወደ ጎን በየ6 ካሬው መስመር ሲያሰምሩ 4 ባር (እኩል የዜማ ክፍል) ይወጣል፤ ይህ እስክስታ የሚወረድበት 6/8 ምት ነው። ልጆቹ በአንድ ዓምድ አንድ ካሬ እያጠቆሩ ዜማ ይጽፋሉ፤ ባዶ የቀረው ዓምድ ዕረፍት ነው። ጽፈው ሲጨርሱ የግድ ያዚሙት። በአፋቸው ያልወጣውን ዜማ ማሽኑ ሲያበላሸውም አያውቁበትም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በክሮም ሚዩዚክ ላብ (የጉግል የሙዚቃ መማሪያ ድረ ገጽ) ውስጥ ያለውን ሶንግ ሜከር ይክፈቱ፤ ነጻ ነው፣ በስልክም ይሠራል። በማስተካከያው ርዝመቱን 4 ባር፣ በባር 2 ምት፣ እያንዳንዱ ምት በ3 የሚከፈል፣ ስኬሉን (የድምፆቹን መሰላል) ደግሞ ክሮማቲክ፣ ማለትም 12ቱም ድምፆች ያሉበት፣ ያድርጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ገጹ ሲከፈት ስኬሉ ሜጀር ላይ ነው፤ በዚያ ከተተወ በአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ያለው 7 ረድፍ ብቻ ስለሆነ የደብተሩ 8ኛ ረድፍ ሶል መሆኑ ቀርቶ የላይኛው ዶ ይሆናል። ልጆቹ «ዜማችን ተበላሸ» ካሉ መጀመሪያ ስኬሉን ይመልከቱ። ያለቀውን ሥራ በዋቭ ፋይል ያውርዱት፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ የሚያሰሙት ይኖርዎታል።

ኤአይው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይግባ። ጉግል በማርች 2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የባህ (የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ) ዱድል፣ ማለትም በመፈለጊያ ገጹ ላይ የወጣው የሙዚቃ ጨዋታ፣ አሁንም በዱድል ማኅደሩ ውስጥ አለ። የሚቀበለው 2 ባር ዜማ ስለሆነ ከትዝታው አጠር ያለ ሐረግ ይምረጡና ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ብቻ ያስገቡ። ማሽኑ ዜማውን ሳይነካ ሦስት ድምፆች ከሥሩ ይጨምርበታል። አሁን ልጆቹ ኖታውን እያዩ ፋ ወይም ሲ ሲያገኙ እጃቸውን ያውጡ፤ ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። ትዝታ ሜጀር ፋም ሲም የለውም፣ ታዲያ ከየት መጡ? ማሽኑ የተማረው ከዮሐን ሴባስቲያን ባህ 306 የመዘምራን ሥራዎች ነው። ከዚያ ያየውን ይመልሳል፤ ትዝታን አላየም። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይህን በጆሮውና በዓይኑ ካገኘው በኋላ ያንን የመጀመሪያውን ፕሮግራም መልሰው ቢከፍቱለት የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ራሷ በጻፈችው የአማርኛ ግጥም በሱኖ (ዘፈን በሚያወጣ የኤአይ ፕሮግራም) ዘፈን ትሠራለች። ቃላቱ ግን እየተሰባበሩ ይወጣሉ፤ «የኢትዮጵያ ሙዚቃ» ብላ ብታዝዘውም የእኛ አይመስልም። ምን ብትቀይር ይሻላል?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል»። ልጅዎ ከዐረፍተ ነገሩ ትለየዋለች፣ ማሽኑ ግን ይገምታል። የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ መጻፍ፣ ማለትም «አልለ» ማለት፣ አንዳንዴ ይሠራል፤ ካልሠራ ሁለት ንባብ በሌለው ቃል ትተካው። ቁጥርም በአኃዝ ሳይሆን በቃል ይጻፍ።

ቃል የሚዋጠው ደግሞ የስንኞቹ ርዝመት ሲለያይ ነው። በወል ቤት (በተለመደው የአማርኛ ግጥም) ልክ በስንኝ 12 ቀለም (ሲላብል)፣ 6 ላይ እየተከፈለ፣ ብትጽፍ ማሽኑ የሚተነፍስበት ቦታ ያገኛል።

ስለ ስልቱ፦ «የኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ለማሽኑ በጣም ሰፊ ነው። በእንግሊዝኛ ዘርዝራ ታዝዘው፦ 6/8፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ አንድ የሴት ድምፅ፣ ተቀባይ። ፒያኖና ጊታር እንዳይገባም ትጻፍበት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረች ትሞክር፤ ሦስቱን አብራ ከቀየረች የቱ እንደሠራ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ቅኝቱን ይስታል፤ ማሲንቆውንም ቫዮሊን ያደርግባታል። የፕሮግራሙን የዕድሜ ገደብ አስቀድመው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ በኤአይ የሠራሁትን ዘፈን «የኔ ነው» ብዬ ዩቲዩብ ላይ ልጫነው?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ግጥሙን አንተ ከጻፍከው ግጥሙ ያንተ ነው። ድምፁ ግን በፕሮግራሙ ውል ይወሰናል፤ በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ጊዜ ለገንዘብ ማግኛ መዋልን ይከለክላል። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ስለሆነ፣ አንድ መስመር አዝዘህ ማሽኑ ባወጣው ዜማ ላይ መብት መጠየቅ ይከብዳል። ጉዳዩ በሌላም አገር ገና አልረጋም፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ታላላቅ የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኩባንያዎች በኤአይ ዘፈን የሚያወጡትን ሱኖንና ዩዲዮን ከሰው ነበር። ከጫንከው በመግለጫው ላይ «ግጥም በእኔ፣ ዜማና ድምፅ በኤአይ» ብለህ ጻፍ። የታወቀ ድምፃዊን ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ ነገር ግን ለጨዋታም ቢሆን አትጫን፤ ያ የሰው ድምፅ ነው። የግጥምህን ረቂቆች ከነቀናቸው አስቀምጥ፤ አንድ ቀን የማን ነው ቢባል የምታሳየው እሱን ነው።