ከመፈረማችሁ በፊት

ስለ መጀመሪያው የጥናት ጽሑፌ ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። የሠራሁት በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማለትም ግብር ከፋዩ በከፈለው። የላክሁለት ጆርናል (የጥናት መጽሔት) ሲቀበለኝ ከደስታዬ ብዛት የላኩልኝን ቅጽ ሳላነብ ፈረምኩ። ሥራ ከቀየርኩ በኋላ አንድ ቀን ጽሑፌን በኢንተርኔት ልከፍት ብል የጆርናሉ ድረ ገጽ “መጀመሪያ ክፈል” አለኝ። የገዛ ጽሑፌን! ለካ የቅጂ መብቱን በፊርማዬ አሳልፌ ሰጥቼ ኖሯል።

እስቲ ነገሩን አስቡት። የምርምሩን ወጪ ሕዝብ ሸፈነ። ጸሐፊው ከጆርናሉ ሳንቲም አያገኝም። ገምጋሚዎቹም፣ ማለትም ጽሑፉ ለኅትመት ይብቃ አይብቃ የሚመዝኑት ምሁራን፣ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው የሚሠሩት። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ይገዛል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሕዝብ ገንዘብ። አሳታሚው ዝም ብሎ ይበላል እያልኩ አይደለም፤ ማረሙም ግምገማውን ማስተባበሩም ወጪ አለው። ግን ልጁ ብዙ ሰው የማያውቀው በሽታ የያዘው አባት፣ ግብሩን ከፍሎ፣ ስለ በሽታው የተጻፈውን ማንበብ ሲከለከል አይዋጥልኝም።

ደግነቱ ዘመኑ ተሻሽሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) እ.ኤ.አ. በ2008 በእሱ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በታተመ በ12 ወር ውስጥ ፐብሜድ ሴንትራል በተባለው ነጻ የኢንተርኔት የጥናት ማከማቻ ለሁሉም እንዲከፈት አስገደደ። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ተቀባይነት ላገኙ ጽሑፎች ደግሞ የ12 ወሩ ጥበቃ ቀርቷል፤ በታተሙበት ቀን ይከፈታሉ።

እናንተም ጆርናል ከመምረጣችሁ በፊት ገንዘብ የሰጣችሁ አካል ምን እንደሚል እዩ። ቅጹን አንብቡ፤ አሰልቺ ነው፣ ቢሆንም አንብቡት። ከሁሉ በላይ ግምገማውን ያለፈውን፣ አሳታሚው ገና በገጹ ቅርጽ ያላሰናዳውን የመጨረሻ ረቂቅ አትጣሉ። ብዙ ጆርናሎች እሱን በተቋማችሁ የዲጂታል ማከማቻ እንድታኖሩ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጥቂት ወራት ጠብቁ ይላሉ። “ክፍት ነን”፣ ማለትም ማንም በነጻ ያነበናል፣ እያሉ ጸሐፊውን አስከፍለው በሳምንት እናትማለን የሚሉትን ግን ሽሹ። ገንዘባችሁን ይቀበላሉ እንጂ ጽሑፋችሁን አንብቦ የሚገመግም የላቸውም።

የተዘጋ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ደግሞ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩ። አብዛኞቻችን የሚያነበን ሰው ስናገኝ ደስ ይለናል። የእኔ ረቂቅ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር ጠፍቶ ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁት ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ጠይቆኝ ከላክሁለት ኢሜይል ላይ ነው።