ከጅማ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል ላልሽው

እህቴ፣ «ከጅማ ዋሽንግተን ደለስ ርቀቱ ስንት ነው? በጠቅላላ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለሻል። ደለስ የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። መቼም እናትሽን ልትልኪ ነው። እኔም እማዬን ወንድሜ ጋ ስልካት ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ኪሎሜትሩ ብዙም አይጠቅምሽም። ከጅማ አዲስ አበባ በአየር 260 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሰማይ ላይ አንድ ሰዓት አትቆዪም። ከቦሌ ደለስ ደግሞ ወደ 11,500 ነው። ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍለሽ 13 ሰዓት ካልሽ ከዚያ ለመመለሻው ልክ ነሽ፣ ለመሄጃው ግን አይሠራም። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ፣ ሰውም ሞልቶ ለመነሳት ይከብደዋል። ወደዚያ ሲሄድ ነፋሱም ከፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፣ 17 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ትኬቱ ላይ ማታ ተነስቶ ጠዋት ሲገባ አይተሽ አትሸወጂ። እነሱ ከእኛ 7 ሰዓት፣ በብርዳቸው ወራት 8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው።

2. ትኬቱ ከጅማ እስከ ደለስ አንድ ይሁን። እኔን ጉድ ያደረገኝ ይሄ ነው። ትኬት ቢሮ ያለው ልጅ «የአገር ውስጡ ለብቻው ቢቆረጥ ይረክሳል» ብሎ ለያይቶ ሸጠልን። የጅማን የሐምሌ ጠዋት ታውቂዋለሽ። አባ ጅፋር ማረፊያ ቁጭ ብለን ጭጋጉ አልገፈፍ አለ። ሲገፈፍ ዝናቡ ተተካ። በረራው ቀረ! መኪና ተኮናትረን ጊቤ በረሃን ወረድን። በመኪና 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱን ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ቦሌ ስንደርስ ቼክ ኢን ተዘግቷል።

በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ሁለት ትኬት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይመለከተውም» አለችኝ። ለያይቶ የሸጠው እኮ አጠገቧ ተቀምጧል! ትንፍሽ አላለም። ቅጣቱን ከፈልን፣ ረከሰ የተባለው ብዙ እጥፍ ሆኖ ወጣ። ትኬቱ አንድ ቢሆን ኖሮ በቀጣዩ በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ዕዳ ነበር።

ሻንጣውም እንደዚያው። ለአሜሪካ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ። ትኬቱ ከተለያየ ግን ጅማ ላይ የሚያዝልሽ የአገር ውስጡ 20 ኪሎ ነው። የእማዬ ቡናና በርበሬ ብቻውን ይሄን ያልፋል። ትርፉን በኪሎ አስከፈሉን።

ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር፣ ጅማ አጂፕ አካባቢ፣ ውጭ የሚሄድ ሰው ለእኔ ሳያሳይ ትኬት አይቆርጥም። ኮሚሽን የለኝም፣ ቡና ይጋብዙኛል።

ክረምት ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ግቡና እደሩ። ለእናትሽ ደግሞ ትኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር አስመዝግቢ፣ ክፍያ የለውም። እማዬ «እግሬ ተሰበረ እንዴ!» ብላ ተቆጥታኝ ነበር። ደርሳ ስትደውል ግን ከልጅ ልጆቿ በፊት ያወራችኝ ስለ ዊልቸሩ ነው።