ግቢሽን ሙሉ ሊሾ እንዳታስደርጊው

እህቴ፣ «አዳማ ነኝ፤ ክረምት ላይ ጎርፍ አስቸገረኝ፤ ግቢውን ሙሉ ሊሾ ላስደርገው ወይስ ሳር ልትከል?» ብለሻል። እኔም ያንቺው ጭንቀት ነበረኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ሊሾ ያልሆነ ግቢ ያላለቀ ቤት ይመስላል» ሲለኝ ሰምቼ ሊሾ አስደረግኩትና ጉድ ሆንኩ።

1ኛ. ሊሾውን ተይው። ከተማችን ዙሪያዋን ኮረብታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከላይ የሚወርደው ሳያንስ የራስሽ ጣሪያ ውሃ አለ። 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር ነው። አፈር የቻለውን ይጠጣል፤ ሊሾ ጠብታ አይጠጣም።

2ኛ. ግምበኛው ውሃ ልክ ሲይዝ አጠገቡ ቁሚ። የእኔ ስሎፑ ወደ ቤቱ በር ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ውሃው ሳሎን ገባ። ምንጣፉ፣ ሶፋው፣ የልጆቹ ደብተር፣ ሁሉም ራሰ። የተረፈው በአጥሩ ስር ጎረቤቴ እማማ ጋ ሄደ። ጠዋት መጥተው «ልጄ፣ ቡና የማፈላበት ጓዳ ውሃ ሞላው» አሉኝ። ከራሴ ሳሎን ይልቅ የሳቸው ጓዳ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

የመንገዱ ዳር ቦይ ይጠረግልን ብዬ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝም። «የደፈናችሁት እናንተ፤ ሂጂና ጥረጊ!» አለኝ። ሶስቴ ተመላለስኩ። እንዲህ ተብሎ ሰው ይመለሳል? በመጨረሻ የሰፈሩን ሰው አስተባብሬ አካፋ ይዘን ወጣን። ፌስታሉንና የውሃ ፕላስቲኩን አውጥተን ጨረስነው። በዚያ ቀን እኮራለሁ።

ሊሾውን መጋቢት ላይ አስፈረስኩት። ማስፈረሱ ከማሰራቱ አልተናነሰም፣ ለዚህ ነው አሁን የምለፈልፍልሽ። ዛሬ መተላለፊያው ብቻ ድንጋይ ነው፤ በድንጋዮቹ መሃል ያለው አሸዋ እንጂ ሲሚንቶ አይደለም። አሸንዳው መጀመሪያ ሮቶ ይሞላል። የተረፈው ድንጋይና ጠጠር የሞላሁበት ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱን ከቤቱ መሰረት አርቂው፣ አደራ! ካንቺም ከጎረቤትሽም ቤት። ቀሪው ሳር ነው፤ ፓፓያና ማንጎ አለበት። ለልብስ የሚሆን ውሃ ሮቶው ውስጥ አይጠፋም።

ባለፈው ክረምት የእማማ ጓዳ ደረቅ ነበር። የግቢሽን ፎቶ ከበሩ በኩል አንስተሽ ላኪልኝ፤ ጉድጓዱ የት ቢሆን እንደሚሻል አብረን እናያለን።