የሰውነት ውስጣዊ ሚዛን፦ ከጅማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ወባ ሲነሳብኝ ሰውነቴ እንደ እሳት ይፋጃል፤ እኔ ግን በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። ለምን?

መልስ፦ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ሙቀትዎን 37 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቃል። ወባ ይህን ልክ ወደ 39 ወይም 40 ያስወጣዋል። ያን ጊዜ 37 ለአንጎል ብርድ ነው፤ የቆዳ ደም ስሮች ይጠባሉ፣ ጡንቻ እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያመነጫል። ልኩ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ላብ ያጠምቅዎታል። በሽተኛን በሁለት ጋቢ ጠቅልሎ «ላብ ያውጣው» ማለት ሙቀቱን መውጫ ማሳጣት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ መንከርም መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል። ስስ ልብስ፣ ፈሳሽ፣ ለአዋቂ ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ (በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ) ይበቃል። ወባውን ግን ፓራሲታሞል አይነካውም፤ የደም ምርመራው በዚያው ቀን ይሁን።

ጥያቄ፦ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ስኳር እንዴት አይወርድም? አባቴ ግሊቤንክላማይድ የተባለ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ለእሳቸውስ?

መልስ፦ ከሱሁር በኋላ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ከትርፉ ስኳር ጉበት እስከ 100 ግራም ገደማ ያስቀምጣል። ስኳሩ መውረድ ሲጀምር ያው ቆሽት ግሉካጎን የተባለ ሆርሞን ይልካል፣ ጉበትም ካስቀመጠው ይለቃል። ክምችቱ ሲሳሳ ከአሚኖ አሲድና ከግሊሰሮል (ከፕሮቲንና ከስብ ከሚገኙ) አዲስ ይሠራል። በአባትዎ ላይ ችግሩ መድኃኒቱ ነው፤ ስኳር ወረደም አልወረደም ቆሽትን ኢንሱሊን ያስመነጫል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክልላቸው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መቅበዝበዝ ካዩ ይለኩላቸው። ብዙዎች ጣት መውጋት ጾም ያፈርሳል ብለው ይተዉታል፤ አያፈርስም። በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ግን ጾሙን ማፍረስ ግድ ነው፦ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሞላ ያለ 3 የሻይ ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። መድኃኒቱ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ተሻላቸው ብለው አይዘናጉ፤ ምግብ ይከተል። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ጊቤ በረሃ ወርጄ ስሠራ ውሃ በብዛት እጠጣለሁ፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ግን አይለቀኝም።

መልስ፦ መጀመሪያ ሽንትዎን ይዩ። ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃው ገና አልበቃዎትም። እንደ ውሃ የነጣ ከሆነ ግን በላብ የወጣውን ጨው ሳይተኩ ደምዎን እያቀጠኑት ሊሆን ይችላል። በደም ውስጥ የጨው አካል የሆነው ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን አለበት፤ ከዚያ ሲወርድ ውሃ ወደ ሴሎች ይገባል፣ አንጎልም ያብጣል። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የስኳርና የጨው ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ በ24 ሰዓት ያልተጠጣው ይደፋ። ከሌለ፣ ለ1 ሊትር ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የተለመደው ስህተት ከረጢቱን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ መበጥበጥ ነው፤ ሲወፍር ውሃን ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጥ ያመጣል። መደናገር ወይም ማንዘፍዘፍ ከመጣ ቤት አይቆዩ።

ጥያቄ፦ በክረምት ሽንት የሚበዛብኝ ቡና ስለማበዛ ነው?

መልስ፦ ዋናው ብርዱ ነው። የቆዳ ደም ስሮች ሲጠቡ ደም ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ሰውነት ፈሳሽ የበዛ መስሎት ውሃ የሚይዘውን ሆርሞን ይቀንሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለለመደ ሰው ብዙም ለውጥ አያመጡም። ጥማትና መክሳት አብረው ከመጡ ግን የደም ስኳርዎን ያስለኩ፤ በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ስኳሩን ወደ ደም መመለስ ያቅተዋል፣ ስኳሩም ውሃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል።