«ዘንድሮ ዓመቴ ነው» ላለችኝ ልጅ

ውድ ልጄ፣

«በቻይናውያን ኮከብ ፈረስ ነኝ፤ ፈረስ የጀመረውን አይጨርስም ይላሉ። ዘንድሮ የፈረስ ዓመት፣ ማለትም ዓመቴ ስለሆነ ደግሞ ክፉ ነው አሉኝ» ብለሽ ጽፈሻል። እኛ አማካሪዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ «አጉል እምነት ነው፣ ተዪው» እያልን እንሸኝ ነበር። ዛሬ ይጸጽተኛል። ጠያቂዋ የመጣችው ስለ ኮከብ ለማወቅ ሳይሆን ራሷን የምትሰድብበት ምክንያት ፍለጋ ነበር።

መጀመሪያ ስሌቱን እናጥራ። በቻይናውያን አቆጣጠር 12 እንስሳት ከ5 ባሕርያት (እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ) ጋር እየተጣመሩ በየ60 ዓመቱ ይዞራሉ። የልደት ዓመትሽን 1994 ብለሽ ድረ ገጽ ላይ ብትሞዪ ውሻ ነሽ ይልሻል፤ የፈረንጁ 1994 መስሎት። ፈረስ የምትሆኚው ከየካቲት 5 ቀን 1994 እስከ ጥር 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከተወለድሽ ነው። ልደትሽ ጥር 1994 ከሆነ እባብ ነሽ፤ ራስሽን ስትወቅሺበት የከረምሽው ጠባይ የሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም. የካቲት 10 ቀን የገባው ደግሞ የእሳት ፈረስ ይባላል።

ይኼ ስም ጃፓን ውስጥ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። በእሳት ፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ቁጡ ናት፣ ባሏን ታጠፋለች የሚል የቆየ እምነት አለ። ነገሩን በዚሁ ዓመት ተወልዳለች ከሚሏት ኦሺቺ ከምትባል የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ልጅ ጋር ያያይዙታል፤ እሳት ለኩሰሻል ተብላ እ.ኤ.አ. በ1683 የተገደለች። ዓመቱ በ1906 ሲመለስ የሴት ልጃቸውን ልደት ወደ ሌላ ዓመት አዛውረው ያስመዘገቡ ወላጆች ነበሩ። በ1966 ደግሞ ብዙዎች መውለዱን ራሱን አቆዩት፤ በ1965 ወደ 1 ሚሊዮን 820 ሺሕ የነበረው ልደት ወደ 1 ሚሊዮን 360 ሺሕ ወረደ። በ1967 ተመልሶ ከ1 ሚሊዮን 900 ሺሕ አለፈ። ሩብ ያህሉ የቀረው ለአንድ ስም ተብሎ ነው። የሚገርመው ግን ይኼ ነው፦ ጃፓን ከ1873 ጀምሮ ዓመት የምትለውጠው በጃንዋሪ 1 ነው፤ የቻይናውያኑ የ1966 አዲስ ዓመት ግን የገባው በጃንዋሪ 21 ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 10 የተወለደች ሕፃን ቶኪዮ ላይ የእሳት ፈረስ፣ ቤጂንግ ላይ እባብ ናት።

እኛስ ብትይ፣ የስምና የእናት ስም ፊደላት ቁጥር ተደምሮ በ12 ተገድፎ (ተካፍሎ ቀሪው ተወስዶ) «ኮከባችሁ አይገጥምም» ተብሎ የፈረሰ እጮኝነት ስንት ነው!

ያም ሆኖ ፈረሱን ጣዪው አልልሽም፤ ይጠቅመናል። ወረቀት ያዢ። ራስሽን የሰደብሽበትን ቃል ሳታለዝቢ ጻፊው። ከሥሩ ስለ ፈረሱ ጻፊ፦ «ፈረሱ ማክሰኞ ሦስት ሥራ ጀመረ፤ ሁለቱን ጨረሰ፤ በሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ጣለው።» ቀን፣ ቁጥር፣ የሆነው ነገር ብቻ። የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ «ፈረሱ ሰነፍ ነው» ብለሽ ከጻፍሽ ስድቡን ኮርቻ ጭነሽ መለስሽው ማለት ነው። ሰርዢው። «ፈረስ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ማምለጥም ያው ነው። ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ አልጋ ላይ ሆነሽም አትጻፊ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስልሽ ያድራል።

ከዚያ በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፤ ለ5 ደቂቃ። ልብን የሚያረጋጋው ረዘም ያለው ማስወጣት ነው። ካዞረሽ በጥልቀት መሳቡን ተዪና በቀስታ ተንፍሺ። አንድ ቀን ቢያልፍሽ አለፈ። የዛሬ ልጆች ዕረፍትንም ፈተና አድርጋችሁት «ዛሬ አልተነፈስኩም» ብላችሁ ራሳችሁን ትቀጣላችሁ። ስለ እንቅልፍና ስለ ስልክ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁ፣ አትሰሙም።

እንቅልፍና ምግብ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራቁሽ ግን ወረቀቱን ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ቀን፣ ሰው አስከትለሽ።

ቻይናውያን በእንስሳቸው ዓመት ቀይ ቀበቶ ወይም ቀይ ክር ያስራሉ። ሳላምንበት እሰሪው እላለሁ። ባየሽው ቁጥር ትከሻሽን ጣል አድርገሽ አንዴ በረዥሙ ተንፍሺ። ብቻ ራስሽ አትግዢው፤ በልማዱ የሚሻለው ሌላ ሰው ሲሰጥሽ ነው። «ምንም አልሆንኩም» ስትያት የከረምሽውን ጓደኛሽን አስገዢያት።